ያሳደገስ ምን ይባላል? የሬሚ ታሪክ በመጽሐፍ፣ በካርቱን ፊልምና በውርስ ሕግ ፊት

በልጅነታችን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ወርውረን የምንሮጠው ዲሽ ወዳለበት ጎረቤት ቤት ነበር። የሚታየው የካርቱን ፊልም የሚናገረው በዐረብኛ ነው። ከንግግሩ አንዲት ቃል አይገባንም፤ ዳሩ ግን የሚሆነውን ሁሉ የምናውቅ ይመስለን ነበር። ሬሚ የምትባል ልጅ እናቴ ከምትላት ሴት ተነጥላ ስትሄድ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ታዲያ ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ የአንዳችን አክስት ከኋላችን ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ሴትዮዋ እኮ እናቷ አይደለችም፤ ወድቃ ተገኝታ ያሳደገቻት ናት» አሉን። ክርክሩ ከዚያ ጀመረ። ግማሾቻችን «ካልወለደቻት እናቷ አይደለችም» አልን። ሌሎቻችን «አብልታ፣ አጥባ፣ አስተኝታ እንዴት እናቷ አይደለችም!» ብለን ተንጫጫን።

ያን ክርክር ረስተነው ነበር። ባለፈው ዓመት ግን በመኝታ ቤታችን እንደገና ተነሳ። ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን ለፈተና ሲዘጋጅ ጮክ ብሎ ያነባል። «ሟች ሳይናዘዝ ቢሞት በመጀመሪያ ደረጃ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው» ሲል፣ ከላይኛው አልጋ ያለው ልጅ፣ «የትኞቹ ልጆቹ? የወለዳቸው ወይስ ያሳደጋቸው?» አለ። አጠያየቁ የቀልድ አልነበረም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እንናገራለን። ያን ለሊት ከሬሚ ጀምረን እስኪነጋ ተከራከርን፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መጽሐፍም ሕግም ስናገላብጥ ከረምን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ልጅ ነው።

«ካርቱን ምን ታሪክ አለው?» የሚለን አይጠፋም። በበኩላችን የምንለው፣ ልጅ የሚያለቅስበት ነገር አዋቂ ከተጣላበት ነገር አይርቅም ነው። በሬሚ ታሪክ ውስጥ ያለው ጠብ የርስት ጠብ ነው፤ እንባው ደግሞ የአሳዳጊ እንባ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአውሮፓም በጃፓንም ለብዙ ዘመን በሕግ አልተገናኙም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልለየናቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉና ሁለቱ ፊልሞች

ምንጩ ሄክቶር ማሎ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ (1830–1907) የጻፈው ልብ ወለድ ነው። አርእስቱን በአማርኛ «ቤተሰብ አልባ» ልንለው እንችላለን። በ1878 በመጽሐፍ ወጣ፤ የፈረንሳይ አካዳሚም ሸለመው። ጃፓኖች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ቋንቋቸው መልሰውታል። ከዚያም ሁለት ጊዜ በተከታታይ የቴሌቪዥን ካርቱን አደረጉት። የመጀመሪያው ከ1977 እስከ 1978 የታየው፣ በኦሳሙ ዴዛኪ አዘጋጅነት የተሠራው ባለ 51 ክፍሉ ነው። ሁለተኛውን ኒፖን አኒሜሽን ሠርቶት ከ1996 እስከ 1997 ታየ፤ በዚህኛው ሬሚ ሴት ልጅ ሆናለች። እኛ በዲሽ ያየናት ይቺኛዋን ነው።

የመጽሐፉ ነገር ወዲህ ነው። ሬሚ ሻቫኖን በምትባል ድሃ መንደር ከእማማ ባርበራን ጋር ያድጋል። ባልዋ ፓሪስ ውስጥ ግንበኛ ነው። አንድ ቀን የቆመበት መወጣጫ ፈርሶበት አካለ ስንኩል ይሆናል። አሠሪውን ይከሳል፤ ለክሱ ወጪ የቤቱ ብቸኛ ሀብት የሆነችው ላም ትሸጣለች፤ ክሱ ግን ሳይሳካ ይቀራል። እጁን አጣጥፎ ቤቱ ሲገባ ስምንት ዓመት የሆነው ሬሚ ከአልጋው ላይ ሆኖ ምስጢሩን ይሰማል፤ ለካስ የእነርሱ ልጅ አይደለም። ባርበራን በፓሪስ መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘው ሕፃን ኖሯል። ዳንቴል ያለበት ውድ ልብስ ለብሶ ስለነበር፣ «ወላጆቹ ሀብታሞች ናቸው፤ አንድ ቀን ፈልገው ይመጣሉ፤ ያኔ ድካማችንን ይክሱናል» ብሎ ነው የወሰደው። ልክ በሬ አድልቦ ገበያ እንደሚጠብቅ ሰው መሆኑ ነው። ገበያው አልመጣም። እንግዲያው ሚስቱ በሌለችበት ሰዓት ልጁን ቪታሊስ ለሚባል ሽማግሌ መንገደኛ አዝማሪ በ40 ፍራንክ ሰጠው። ቃሉ «ኪራይ» ነበር፤ አልሸጥኩም፣ አከራየሁ ነው።

ሬሚ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው። ሚሊጋን የተባሉ እንግሊዛዊ ባለርስት የበኩር ልጅ ነው። አባቱ በሞት አፋፍ ላይ፣ እናቱም በጠና ታማ ሳለች፣ ጄምስ ሚሊጋን የተባለው አጎቱ የ6 ወር ሕፃኑን አስሰርቆ ፓሪስ አስጥሎታል። ለምን ቢሉ፣ ወንድሙ ያለ ልጅ ከሞተ ርስቱ የሚተላለፈው ለእሱ ነው። ስሌቱ ግን ተበላሸ። ባልዋ ከሞተ ከ7 ወር በኋላ መበለቲቱ አርተር የሚባል ሌላ ወንድ ልጅ ወለደች። አጎት ጄምስም ቀሪ ዕድሜውን በሽተኛው አርተር እስኪሞት በመጠበቅ አሳለፈው።

እኛ ርስት ሲባል ወንዱም ሴቱም ከአያት ቅድመ አያት ቆጥሮ የሚካፈለው መሬት ነበር የሚታወሰን። የእንግሊዝ ባላባት ሥርዓት ግን ሌላ ነው። መሬቱ እንዳይበጣጠስ ሲባል ጠቅላላው ለበኩሩ ወንድ ልጅ ይሄዳል፤ ታናናሾቹ ወይ ጦር ሠራዊት ወይ ቤተ ክህነት ይገባሉ። ኑዛዜ በሌለበት መሬት ለበኩር ይሂድ የሚለው ደንብ በእንግሊዝ የቀረው በ1925 በወጣ ሕግ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥርዓት አንድ ሕፃን ማለት ሰው ብቻ ሳይሆን በር ማለት ነው፤ በሩ ከተነሳ ከኋላው የቆመው ይገባል። የጄምስ ሚሊጋን ክፋት ከሰማይ የወረደ ክፋት አይደለም፤ ሕጉ ያስቀመጠለትን ወረፋ ቆጥሮ ያደረገው ነው።

በገንዘብ የሚጠባ ጡት

አሁን ወደ እማማ ባርበራን እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ ገጠር ሴት የከተማ ልጅ ማጥባት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሞርቫን የመሰሉ ድሃ አውራጃዎች ከሚታወቁበት ነገር አንዱ ይኸው ነበር። ሴቶቹ የፓሪስ ሕፃናት ወደ መንደራቸው እየመጡላቸው ያጠቡ ነበር፤ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ልጅ ትተው ፓሪስ ሀብታም ቤት ይቀጠሩ ነበር። ከዚህ ሌላ ደግሞ ወድቀው የሚገኙ ሕፃናት አሉ። በ1811 በናፖሊዮን ዘመን የወጣ ድንጋጌ፣ ሕፃናቱን የሚቀበሉ ሆስፒሶች በግድግዳቸው ላይ የሚሽከረከር ሣጥን እንዲኖራቸው አዘዘ። እናት ልጇን ከውጭ ታስቀምጣለች፣ ደወል ትደውላለች፣ ሣጥኑ ይዞርና ልጁ ወደ ውስጥ ይገባል። ማን እንዳስቀመጠው አይታይም። በ1830ዎቹ በመንግሥት ወጪ የሚያድጉት የተጣሉ ልጆች ከ100 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። ወጪው ስለከበደ ሣጥኖቹ ቀስ በቀስ ተዘጉ።

ሆስፒሱ ልጆቹን ለገጠር ቤተሰቦች ይሰጣል፤ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላል፤ ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ክፍያው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ለሙያ ይሰጣል፣ ወይም ለሥራ። እስቲ ይህን ልብ በሉ። 12 ዓመት አብሮ በልቶ አብሮ ያደገ ልጅ፣ ክፍያው በቆመ ማግሥት ምን ይሆናል? አንዳንዱ ቤት «ልጃችን ነው» ብሎ ያስቀረዋል። አንዳንዱ ደግሞ በሩን ይከፍትለታል። ሕጉ ሁለቱንም እኩል ነበር የሚያያቸው፤ ማለት አያያቸውም ነበር።

ከሚያጠቡት ቤት የሚሞተው ሕፃን በዝቶ ስለነበር፣ ቴኦፊል ሩሰል የተባለ ሐኪምና የፓርላማ ሰው በ1874 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አስወጣ። ከ2 ዓመት በታች የሆነና በክፍያ ከወላጆቹ ቤት ውጭ የሚያድግ ሕፃን ሁሉ በባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ዋለ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ ልጆችን ለመንገድ ትርኢትና ለልመና ማሠማራትን የሚከለክል ሌላ ሕግ ወጣ። ማሎ መጽሐፉን ያሳተመው ከነዚህ ሕጎች 4 ዓመት በኋላ ነው። ጋሮፎሊ የሚባለው ጨካኝ፣ ከጣሊያን የመጡ ሕፃናትን እየገረፈ በፓሪስ መንገዶች የሚያስለምነው ሰው፣ የደራሲው ሐሳብ የፈጠረው ጭራቅ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለው ንግድ ሕግ እስኪወጣበት ድረስ የነበረ ነው።

እማማ ባርበራን ግን ከዚህ ገበያ ትለያለች። ሬሚን የተቀበለችው የራሷን ሕፃን እያጠባች ሳለ ነው። ከጥቂት ወር በኋላ የራሷ ልጅ ሞተባት፤ ጡቷም ፍቅሯም ለእንግዳው ቀረ። ማንም አልከፈላትም። ታዲያ ይህቺ ሴት «ልጄ ነው» ብላ ሕግ ፊት ብትቀርብ ምን ትባል ነበር?

አይቻልም ትባል ነበር። በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ማድረግን ቢያውቅም ለሕፃን አልነበረም። የሚወሰደው «ልጅ» ለአካለ መጠን የደረሰ መሆን አለበት። ወሳጁ ከ50 ዓመት በላይ የሆነና ሕጋዊ ልጅ የሌለው፣ «ልጁን» ደግሞ በአካለ መጠን ሳይደርስ ቢያንስ 6 ዓመት የረዳው መሆን አለበት። ይህ ሕግ የተጻፈው እናት ላጣ ሕፃን ሳይሆን ወራሽ ላጣ ንብረት ነው። ስምና ሀብት እንዳይጠፋ አንድ ትልቅ ሰው ሌላ ትልቅ ሰው ልጅ ያደርጋል። ላሟን ለሸጠች የሻቫኖን ሴትና በጎኗ ለተኛ የስምንት ዓመት ልጅ በዚህ ውስጥ ቦታ የለም። ፈረንሳይ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በጉዲፈቻ እንዲወሰድ የፈቀደችው በ1923 ነው፤ ያውም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አባት አልባ ያደረጋቸው ልጆች አገር ከሞሉ በኋላ።

እንግሊዝ ደግሞ የባሰ ነበር። እስከ 1926 ድረስ በእንግሊዝ ሕግ ጉዲፈቻ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አልነበረም። በ1926 ሲፈቀድም ልጁ ካሳደጉት እንዲወርስ አልተደረገም፤ የሚወርሰው ከወለዱት ነበር። ይህ የተለወጠው በ1949 ነው። የመኳንንት ማዕረግማ ዛሬም በጉዲፈቻ አይተላለፍም።

«አንተ ዘመድ አይደለህም»

ብዙ ሰው ስለ ሬሚ ሲያወራ ተኩላዎቹንና ዝንጀሮውን ያነሳል። በእኛ አስተያየት ግን የመጽሐፉ እምብርት የአትክልተኛው የአኬን ቤት ነው።

ቪታሊስ በክረምት ብርድ ፓሪስ ደጃፍ ላይ ሲሞት፣ ሬሚን ከበረዶ ላይ አንስቶ ያስገባው አኬን የሚባል አበባ አልሚ ነው። አራት ልጆች አሉት፤ ትንሿ ሊዝ ድዳ ናት። ሬሚ አምስተኛ ልጅ ሆኖ ይኖራል፤ ይሠራል፤ ያነባል። አንድ ቀን ግን የወረደው በረዶ የአበባውን መስተዋት ቤት ሁሉ እንክትክት ያደርገዋል። አኬን ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ይታሰራል። (በፈረንሳይ ሰውን ለእንዲህ ያለ ዕዳ ማሰር የቀረው በ1867 ነው፤ ታሪኩ የቆመው ከዚያ በፊት ባለው ዘመን ላይ መሆኑን በዚህ እናውቃለን።) ዘመዶች ይሰበሰባሉ። አንዱን ልጅ አንዱ አጎት፣ ሌላዋን አንዷ አክስት እያለ ይከፋፈሏቸዋል። ሬሚ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይቆማል፤ እሱ ዘመድ አይደለምና የሚወስደው የለም። ልጆቹ «ወንድማችን ነው» እያሉ ያለቅሳሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

እዚህ ላይ ማሎ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። ዘመድ አይደለህም የተባለው ልጅ በገናውን አንግቶ፣ ወዳጁን ማቲያንና ካፒ የሚባለውን ውሻ ይዞ፣ ከአንዱ ወንድም ወደ ሌላው፣ ከማዕድን ማውጫ መንደር ወደ ባሕር ዳር፣ የአንዱን ወሬ ለአንዱ እያደረሰ ይዞራል። የሥጋ ዘመዶች የበተኑትን ቤት የሚያያይዘው ባዕዱ ልጅ ሆነ። ዘመድ የሚለውን ቃል ከዚህ የበለጠ መመርመር አይቻልም።

ሁለት ዓይነት ውርስ

ቪታሊስ ሲሞት ሀብት አልተወም። እሱ ራሱ፣ በኋላ እንደሚታወቀው፣ በወጣትነቱ በጣሊያን የታወቀ ካርሎ ባልዛኒ የተባለ ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁ ሲጠፋ ስሙን ደብቆ በመንገድ ላይ ኖረ። ለሬሚ የተወለት ማንበብን፣ ኖታን፣ በገናን፣ ከእንስሳም ከሰውም ጋር በትዕግሥት መኖርን ነው። ከዚህ ውርስ ላይ ማንም አጎት ሊከስ አይችልም። ሬሚም ማቲያም እንጀራቸውን የሚያበስሉት በዚሁ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ስናነብ፣ ከገጠር የመጣነው ሁሉ ልባችን ይነካል። ሁለቱ ልጆች መንገድ ለመንገድ እየተጫወቱ ሳንቲም ያጠራቅማሉ። ለምን? ለእማማ ባርበራን ላም ሊገዙላት። ላሟን ገዝተው ሲነዱ፣ «እነዚህ ወመኔዎች ላም ከየት አመጡ?» ተብለው በሌብነት ተጠርጥረው ይታሰራሉ። በመጨረሻ ላሟ ከጋጣው ትደርሳለች። አስቡት እንግዲህ፤ ውርስ ሁልጊዜ ከሙት ወደ ሕያው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። ይህ ግን በሕይወት እያለች፣ ከልጅ ወደ አሳዳጊ የሄደ ነው። የቴሌቪዥን መስኮት የማያውቁት አያቶቻችን የሬሚን ታሪክ ብንነግራቸው የርስቱን ነገር ይረሱት ይሆናል፤ ላሟን ግን አይረሱም።

በጃፓን «ቤት» ማለት

ይህ የፈረንሳይ ታሪክ ጃፓን ሄዶ ለምን እንዲህ እንደተወደደ ስንጠይቅ አንድ ቃል አገኘን። የጃፓንኛው አርእስት «ኢዬ ናኪ ኮ» ነው፤ «ኢዬ የሌለው ልጅ» ማለት ነው። «ኢዬ» ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ትውልድ የሚቀባበለው የቤተሰብ ስም፣ ሀብትና ኃላፊነት ጭምር ነው። እኛም እኮ እንዲሁ ነን፤ «የእገሌ ቤት» ስንል ስለ ጭቃው አይደለም፤ «ቤተሰብ» የሚለው ቃላችን ራሱ የቤት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ የጃፓኑ አርእስት ወደ አማርኛ ሲመለስ ከፈረንሳይኛው ይልቅ ይቀርበናል።

በ1898 የወጣው የጃፓን ፍትሐ ብሔር ሕግ «ኢዬ»ን የቤተሰብ ሁሉ መሠረት አደረገው፤ የቤቱ አለቅነትና ሀብት እንደ ደንቡ ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ወንድ ልጅ የሌለው ቤት አማቹን ልጅ አድርጎ ስሙን ያስቀጥላል። እንግዲህ እዚያም ልጅ ማድረግ ለቤቱ እንጂ ለልጁ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ያ ሥርዓት በሕግ ቀረ። በ1948 በመንግሥት የተደረገ ቆጠራ ግን ከ120 ሺህ በላይ ወላጅ አልባ ልጆች እንዳሉ አሳየ። የመጀመሪያውን ካርቱን ያዘጋጀው ዴዛኪ የተወለደው በ1943 ነው፤ የዚያ ትውልድ ልጅ ነው። ሥራው ለእይታ በበቃበት በ1977 ጃፓን ገና ለሕፃኑ ጥቅም ብቻ የቆመ ሙሉ ጉዲፈቻ አልነበራትም፤ እሱን የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1987 ነው። ማሎ ከፈረንሳይ ሕግ 45 ዓመት ቀድሞ ነበር፤ የዴዛኪ ፊልምም ከአገሩ ሕግ በ10 ዓመት ቀደመ።

የ1996ቱ ሬሚስ? ሴት በመሆኗ ብዙ የመጽሐፉ ወዳጆች ቅር ተሰኝተዋል። በእኛ በኩል አንድ ጥያቄ አመጣብን። ወንዱ ሬሚ ሲገኝ እኮ ታናሽ ወንድሙን አርተርን ከርስት ይነቅለዋል፤ በኩር እሱ ነውና። በመጽሐፉ አርተር ደስ ብሎት ይቀበለዋል እንጂ ሒሳቡ ያ ነው። ሬሚ ሴት ከሆነች ግን፣ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ፣ ወንድም ያላት እኅት መሬቱን አትወርስም፤ ታናሿም ቢሆን ይቀድማታል። እንግዲያስ የተገኘችው ልጅ የምታገኘው ርስት ሳይሆን እናት ነው። አዘጋጆቹ ይህን አስበውት ይሁን ሳያስቡት፣ ጾታዋን ሲለውጡ የታሪኩን ሚዛን ከሀብት ወደ ቤተሰብ አዘንብለውታል። ማቲያና ሌሎቹ የመንገድ ልጆች በፓሪስ ያሉበት ክፍልም በዚህኛው ረዝሟል፤ ወላጅ የሌላቸው ልጆች እርስ በርስ ቤተሰብ ሲሆኑ እናያለን።

መጨረሻው

አሁን ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ጋር ወደማንስማማበት ደረስን። «ማሎ ፈርቷል» ይላሉ። «አሳዳጊን ሲያወድስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ልጁን የባላባት ልጅ አድርጎት አረፈ። ድሃ ሆኖ ቢቀር ኖሮስ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። በመጽሐፉ መዝጊያ ሬሚ በአባቶቹ ግዛት ላይ ጌታ ሆኖ፣ ሊዝን አግብቶ ይኖራል። እማማ ባርበራንም እዚያው ናት፤ ግን በምን ማዕረግ? የሬሚን ሕፃን ልጅ አሳዳጊ ሆና ነው። በፍቅር ነው፣ አንክድም። ዳሩ ግን እንደ አያት ወይስ እንደ ሞግዚት? መጽሐፉ አይለየውም። ሬሚ ቢሞት እሷ ከርስቱ ምንም የላትም፤ እሷ ብትሞት እሱ በሕግ ባዕድ ነው። ያን ሁሉ ገጽ ያለቀስንላት ሴት ታሪኩ ሲያልቅ ከጀመረችበት የሕግ ቦታ ንቅንቅ አላለችም።

ሌላኛው ወገናችን የሚለው ግን ይህንን ነው። ሬሚ የሚሊጋን ልጅ መሆኑ በምን ተረጋገጠ? በልብስ። ሲገኝ የለበሰውን የሕፃን ልብስ ያን ሁሉ ዓመት አስቀምጣ ይዛ የመጣችው ማን ናት? እማማ ባርበራን። ላሟን ሸጣለች፤ ያን ዳንቴል ግን አልሸጠችም። የሥጋ ልጅነት ማስረጃ የተገኘው ከአሳዳጊዋ ሣጥን ነው። ለንደን ውስጥ ድሪስኮል የሚባሉት ሌቦች «ልጃችን ነህ» ብለው ሲያታልሉት የልብሱን ዓይነት በቃል ማውራት ችለው ነበር፤ ልብሱ ራሱ ግን አልነበራቸውም። አሳዳጊዋ ባትጠብቀው ኖሮ ደሙ ራሱ አንደበት አልነበረውም።

ይህ ለእኛ ሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አርቃቂ ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። እማማ ባርበራንን እምቢ ካለው አገር የመጣ ሰው የጻፈው ሕግ፣ ሕፃን በጉዲፈቻ እንዲወሰድ ፈቀደ፤ የጉዲፈቻ ልጅም በውርስ ከአብራክ ልጅ ጋር እኩል ሆነ። ለነገሩ የሕግ አማርኛችን የሚጠራበት ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደው ልጅ ሳይለይ ስም ይወስዳል፣ ይወርሳል። እንግዲህ ፈረንሳዮች በ1923 የደረሱበትን አንዳንዱ ያገራችን ሕዝብ ያለ ወረቀት ሲኖርበት ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም በዚሁ ጸንቷል፤ ልጁ ከተወለደበት ቤት ጋር ያለው ዝምድና ሳይቋረጥ፣ ምርጫ በመጣ ጊዜ ግን ያሳደገው ቤት ይቀድማል ይላል። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ስምምነቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት።

ከላይኛው አልጋ የጠየቀን ልጅ ወረቀት አልነበረውም። ሕፃን ሳለ የወሰዱት ሴት «ልጄ» እንዳሉት ኖሩ፤ እሱም «እማዬ» እንዳላቸው አደገ። ፍርድ ቤት መሄድ ለማን ትዝ ይለዋል? የገዛ ልጅን ለማጽደቅ የሚሄድ አለ? ኑዛዜም አላደረጉም፤ ሞት ድንገት መጣ። ከአርባው በኋላ የወንድሞቻቸው ልጆች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ቤቱን ተረከቡ። ሕጉን አልጣሱም፤ ወረፋቸውን ነው የጠበቁ። እሱ ይዞ የወጣው የእሳቸውን ጀበናና አንድ ነጠላ ነው። ነጠላዋ ዛሬም መኝታ ቤታችን ትራሱ ሥር ናት። ያን ለሊት ይህን ሲነግረን ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን መጽሐፉን ዘጋው።

በልጅነታችን ለተከራከርንበት ጥያቄ መልስ አግኝተናል ማለት ነው? በከፊል። አሳዳጊ እናት ናት ወይ ለሚለው ስለ ሬሚ ያለቀሰ ሕፃን ሁሉ መልሶታል። ሕግም በየአገሩ እያነከሰም ቢሆን ወደዚያው መጥቷል። የቀረው ክፍተት በተረጋገጠው ወረቀትና በተኖረው ኑሮ መካከል ያለው ነው፤ ያም የሚሞላው በመጸጸት አይደለም። እንግዲህ እናንተ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ከመካከላችሁ ያሳደጋችሁ ሰው ያለ፣ ወይም ቤታችሁ ያለ ወረቀት የሚያድግ ልጅ ያለ፣ ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ነገሩን በዝምታ አትለፉት። እማማ ባርበራን ዳንቴሉን እንደጠበቀችው፣ እናንተም በጊዜው ወረቀቱን አስጽፉ። ከላይኛው አልጋ ያለው ወዳጃችን ይህን እንድንጽፍ ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አትጻፉ ብሏል።